ግሽበቱ ቀንሷል፣ ሽንኩርቱ ግን አልረከሰም፦ ቁጥርን ከጅማ ሆኖ ማንበብ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የዋጋ ግሽበት መጠን ያወጣል። በ2014 ዓ.ም ይፋ የሚደረገው ቁጥር ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ የሚወጣው ከ20 በመቶ በታች ነው። ዜናው "ግሽበት ቀነሰ" ይላል። ጅማ ሕርማታ፣ ሐሙስ ገበያ ዘንቢል ይዞ የወጣ ሰው ደግሞ "የት አገር ነው የቀነሰው?" ይላል።

ከዚያ ክርክሩ ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ ወገን ቁጥሩ የተቀባባ ነው ብሎ ይደመድማል። ሌላው ሕዝቡ ኢኮኖሚክስ አልገባውም ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ማንኛውም ስታቲስቲክስ አንድ ሰው ለጠየቀው ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው። የተጠየቁት እነማን ናቸው? መቼ ተጠየቁ? ምን ተብለው? እነዚህን ሳናውቅ መልሱን ብቻ ይዘን ስንከራከር፣ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወራን የተጣላን ሊመስለን ይችላል። በግሽበቱ ጉዳይ የሚሆነው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ቀነሰ የተባለው ምኑ ነው?

የዋጋ ግሽበት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ ያህል በ100 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ እንውሰድ። ግሽበቱ 30 በመቶ በሆነበት ዓመት 130 ብር ገባ። በቀጣዩ ዓመት ግሽበቱ ወደ 15 በመቶ ወረደ እንበል። ዕቃው አሁን 149 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ግሽበቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ሸማቹ ሃያ ብር ገደማ ጨመረ። ሁለቱም እውነት ነው። ዋጋው ወደ 100 ብር እንዲመለስ ግሽበቱ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። ይህ በየትኛውም አገር እምብዛም አይታይም። ዜና አንባቢው "ዋጋ መጨመሩን አላቆመም፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ቀንሷል" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢያክል ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ወር ሁለት ዓይነት ቁጥር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ያንን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል። ሁለተኛው የአሥራ ሁለት ወር አማካይ ነው። ዋጋው በፍጥነት በሚለዋወጥበት ጊዜ ሁለቱ በብዙ ነጥብ ይራራቃሉ። አንዱ ሚዲያ ይህን፣ ሌላው ያንን ሲያነብ አድማጩ አንዱ ዋሽቷል ቢል አይፈረድበትም።

ቁጥሩ የሚሰላው የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ከሚባለው መለኪያ ነው። ኢንዴክስ ማለት የአንድ መነሻ ጊዜን ዋጋ 100 ብሎ የኋላውን ከሱ አንጻር የሚያሳይ ቁጥር ነው። ባለሙያዎች ቤተሰቦች የሚገዟቸውን ዕቃዎችና አገልግሎቶች ይዘረዝራሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጣሉ። ክብደቱ ቤተሰቡ ከሚያወጣው ገንዘብ ምን ያህሉ በዚያ ዕቃ ላይ እንደሚውል ያሳያል። በኢትዮጵያ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክብደት የያዘው ምግብ ነው።

እንግዲህ ይህ ቅርጫት የማን ነው? የሁሉም አማካይ ነው። ስለዚህም የማንም ቤት ቅርጫት ላይሆን ይችላል። ቦሳ ቂጦ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛን እናስብ። ከደሞዙ ትልቁን የሚበላው ኪራይ ነው። ከሱ ቀጥሎ ጤፍ፣ ዘይትና የባጃጅ ሒሳብ ይመጣል። ማና ወይም ጎማ ወረዳ ያለ ገበሬ ደግሞ በቆሎውን ከጓሮው ያመጣል፤ የሚሸምተው ዘይት፣ ስኳርና ማዳበሪያ ነው። ቡና ሲወደድ የመንግሥት ሠራተኛው ጀበና ለመጣድ ይሳሳል። ገበሬው ቡናውን ሸጦ የቤቱን ቆርቆሮ ይለውጣል። ያው አንድ የዋጋ ጭማሪ ለአንዱ ወጪ፣ ለሌላው ገቢ ነው። አገር አቀፉ ቁጥር ሁለቱን ደርቦ አንድ አኃዝ ያወጣል።

የሰው የማስታወስ ጠባይም ድርሻ አለው። በየቀኑ የምንገዛው ነገር ከዓመት አንዴ ከምንገዛው ይልቅ ይታወሰናል። የጨመረው ካልጨመረው ይልቅ ያናድደናል። ስለዚህ በስሜት የሚለካው ግሽበት በብዙ አገሮች ከተሰላው ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ግን ሸማቹን ዝም ለማሰኛ መዋል የለበትም። ገቢው ለምግብ ብቻ የሚበቃ ቤተሰብ በእርግጥም ከአማካዩ የከፋ ግሽበት የሚደርስበት ጊዜ አለ። በገቢ ደረጃ የተከፋፈለ ግሽበት አብሮ ቢነገር ለዚህ መልስ ይሆን ነበር።

አማካይ የሚደብቀው

አማካይን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር። አንድ ቡና ቤት ውስጥ አሥር ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። ዘጠኙ በወር 8,000 ብር ያገኛሉ። አሥረኛው ቡና ላኪ ሲሆን 500,000 ብር ያገኛል። የአሥሩ አማካይ ገቢ 57,200 ብር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ገንዘብ የሚያገኝ አንድም ሰው የለም። ለዚህ ነው ስታቲስቲክስ መካከለኛ ዋጋ የሚባል ሌላ መለኪያ ያለው። ሁሉንም ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሐል ላይ የሚገኘውን መውሰድ ነው። እዚህ 8,000 ብር ይሆናል። የነፍስ ወከፍ ገቢ አደገ የሚል ዜና ሲሰማ የሚነገረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ከጆንያው የሚወጣው ናሙና

"እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" የሚል ቅሬታ በጥናት ውጤት ላይ ሁሌም ይነሳል። ጅማ ላይ መልሱን ከቡና ንግድ ማግኘት ይቻላል። ጭነት ሲመጣ መርማሪው ሁሉንም ጆንያ አይዘረግፍም። በሹል ብረት ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ፍሬ ያወጣል። ያቺ ትንሽ ናሙና ተቆልታ፣ ተፈልታ፣ ተቀምሳ ለጭነቱ ሁሉ ደረጃ ይወጣለታል። ዋናው ነገር የናሙናው ብዛት ሳይሆን አወሳሰዱ ነው። ከላይ ካለው ጆንያ ብቻ ከተወሰደ፣ ከሥር የተደበቀው ሻጋታ ቡና ሳይታይ ያልፋል።

በሰው ላይም እንዲሁ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ከ3 በመቶ ነጥብ ገደማ በላይ አይርቅም። የሚገርመው፣ ይህ ስሕተት የሕዝቡ ብዛት ላይ ብዙም አይመሠረትም። ለጅማ ከተማም ለመላ ኢትዮጵያም 1,000 ሰው ተቀራራቢ ትክክለኛነት ይሰጣል። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል።

ያ ሁኔታ ሲጎድል የሚመጣውን እ.ኤ.አ. በ1936 የተደረገው የአሜሪካ ምርጫ አሳይቷል። አንድ ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎም ተነበየ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ ያገኘው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደህና ኑሮ ያለው ሰው ነበር። በዚያ ላይ የመለሱት ካልመለሱት የተለየ አቋም ነበራቸው። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ዛሬ በቴሌግራም ቻናል የሚለጠፍ "ድምፅ ስጡ" ያው የ1936ቱ ችግር ነው። ቻናሉን የሚከተሉ፣ ዳታ የሞሉ፣ ጉዳዩ ያንገበገባቸው ሰዎች ይመልሳሉ። አርባ ሺህ ሰው ቢመልስም ቻናሉን የማይከተለው ሰው አሳብ አልታየም። የሞባይል ገንዘብ ዳታም እንዲሁ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ሚሊዮን ተጠቃሚ አፍርቷል፤ ለጥናት ትልቅ ሀብት ነው። ግን በጥሬ ብር ብቻ የምትሸጥ የጎመን ነጋዴ እዚያ ዳታ ውስጥ የለችም።

በር ሲንኳኳ

ጅማ ውስጥ የጥናት መጠይቅ ብርቅ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሑ አድርጎ ያዘ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌ ይወጣሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይጠይቃሉ። ከዚህ የተነሳ አንዳንድ ሰፈር ነዋሪው ገና ፎርሙን ሲያይ "ባለፈው ጻፋችሁ፣ ምን መጣ?" ቢል አይገርምም። ባለሙያዎች ይህን የመጠይቅ መሰልቸት ይሉታል። የሰለቸ ሰው ቶሎ ለመገላገል የሚመልሰው መልስም በሠንጠረዡ ላይ ከሐቀኛው መልስ ጋር እኩል ይቆጠራል።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በጊልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ አለ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2005 ባቋቋመው የመስክ ምርምር ማዕከል የተወሰኑ ቀበሌዎችን ነዋሪዎች በቋሚነት ይከታተላል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ሰው ቤቱ ሲሞት፣ የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ ጠያቂ ይመጣል። ትኩሳት ነበረው? ሳል? ስንት ቀን ቆየ? ቆዳው ቢጫ ሆኖ ነበር? ከዚያ ሐኪሞች መልሱን አይተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። የቃል ምርመራ ልንለው እንችላለን። አስከሬን በማይመረመርበት አገር ሰው በምን እንደሚሞት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ እምብዛም የለም። ፍጹም ግን አይደለም። ቤተሰብ የሚያፍርበትን በሽታ ሊደብቅ ይችላል።

እፍረት የስታቲስቲክስ ትልቅ ራስ ምታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 15,683 ሴቶችና 12,688 ወንዶችን ጠይቋል። በሕይወቴ ጫት ቅሜያለሁ ያሉት ከወንዶቹ 27፣ ከሴቶቹ 12 በመቶ ናቸው። ይህ ቁጥር የሚለካው ስንት ሰው እንደቃመ ነው ወይስ ስንት ሰው እንደተናገረ? ወንድ በረንዳ ላይ ተደግፎ ቢቅም ብዙም አይነቀፍም። ሴት ስትሆን ነገሩ ሌላ ነው። ጎረቤት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፎርም ለያዘ ወጣት እውነቱን ትናገር ይሆን? በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ካለው ልዩነት የተወሰነው የጠባይ፣ የተወሰነው የመናገር ልዩነት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ለዚህ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ስታንሊ ዋርነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ካቀረበው ሐሳብ የበቀለ ነው። ተጠያቂው ጠያቂው ሳያይ ሳንቲም ይወረውራል። አንበሳ ከወጣ፣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን "አዎ" ይላል። ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይናገራል። "አዎ" ያለው ሰው በሳንቲሙ ይሁን በእውነት ማንም አያውቅም። አንድ ሺህ ሰው ተጠይቆ 600ው "አዎ" ቢል፣ 500 ገደማው ከሳንቲሙ የመጣ ነው። የቀረው 100 እውነት ከተናገሩት 500 ሰዎች የመጣ ስለሆነ፣ ትክክለኛው መጠን 20 በመቶ ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ምስጢር ተጠብቆ የኅብረተሰቡ ጠባይ ይታወቃል። ዘዴው ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ለተጠያቂውም ማስረዳት ይጠይቃል። ግን ስለ ጉቦ፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለሚጠይቅ ሰው ከፊት ለፊት ጥያቄ ይሻላል።

ጫትን ካነሳን ዘንድ፣ "ጫት የሚቅሙ ተማሪዎች ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነው" ዓይነት ግኝት ሲሰማም ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አያሰኝም። ጫቱ ትምህርቱን አበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ትምህርት የከበደው ተማሪ ነቅቶ ለማደር ጫት ጀምሮም ሊሆን ይችላል። ወይም የገንዘብ ጭንቀት ሁለቱንም አምጥቶ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሞላ መጠይቅ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም። ያንኑ ሰው ለዓመታት መከታተል ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው።

መቶ በመቶ የተሳካ ዕቅድ

ሌላው የቁጥር ምንጭ ሪፖርት ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እየተደመረ ይወጣል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ካነሳው ሐሳብ የመጣ የታወቀ አባባል አለ፦ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ያበቃል። ሠራተኛው የሚመዘነው በሚልከው ቁጥር ከሆነ፣ የሚልከው ቁጥር ይሻሻላል። ሥራው መሻሻሉ ግን በራሱ አይታወቅም። ሪፖርት ማሳመር የሚባለውን ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሪፖርት የሚጠቅመው በናሙና ጥናት ሲፈተሽ ነው።

ለመሆኑ ስንት ነን?

ከላይ ያሉት ሁሉ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ፤ የሕዝቡ ብዛት ላይ። ኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ የሕዝብ ቆጠራ አካሂዳለች። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሞ እስካሁን አልተደረገም። በመጨረሻው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ የአገር ውስጡ ትንበያ ከ110 ሚሊዮን ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። የብዙ አገር ሙሉ ሕዝብ ማለት ነው።

ጅማ ከተማ በ1987ቱ ቆጠራ 88,867፣ በ1999ኙ 120,960 ነዋሪ ነበራት። በመካከሉ ያለው ዕድገት በዓመት 2.5 በመቶ ገደማ ነው። ያው ፍጥነት ለ19 ዓመት ከቀጠለ 193,000 አካባቢ ይሆናል። ፍጥነቱ 4.5 በመቶ ከሆነ ግን 279,000 ይደርሳል። ሁለት ነጥብ የምታህል ልዩነት በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 86,000 ሰው ታመጣለች። ዩኒቨርሲቲው ያመጣው ሕዝብ፣ ከገጠር የሚገባው፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የሚመጣው፣ የከተማው ወሰን መስፋት፤ እነዚህን ትንበያ በደንብ አይዛቸውም። ውኃ ስንት ሜትር ኩብ ይመረት፣ ስንት መማሪያ ክፍል ይሠራ የሚለው ግን ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን መርጦ መነሳት አለበት።

የቆጠራ ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን መዘግየቱ ራሱ ጉዳት ነው ይላል። በጀት፣ የምርጫ ክልል፣ ክትባት፣ ሁሉም በአረጀ ቁጥር ይሠራል። ሁለተኛው ወገን ግጭት ባለበትና ብዙ ሰው በተፈናቀለበት ሁኔታ የሚደረግ ቆጠራ የሚሳሳት ብቻ ሳይሆን አዲስ ጥል የሚወልድ ነው ይላል። ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ውጤት ከተጠበቀው በሁለት ሚሊዮን ገደማ ማነሱ ፓርላማ ድረስ አከራክሯል። ብሔርና ሃይማኖት የሚጠየቅበት፣ የበጀት ቀመር የሚያርፍበት ቆጠራ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በእኔ ግምት ሁለተኛው ወገን ስለ አደጋው ልክ ነው፤ ስለ መጠበቁ ግን አይደለም። ቆጠራው እስኪደረግ ሰፋ ያለ የናሙና ጥናትና የልደትና የሞት ምዝገባ ክፍተቱን በከፊል ይሸፍኑታል። ምዝገባው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ሲጀመር መነሻው በጣም ዝቅተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ዳሰሳ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶው ብቻ ነበሩ።

ቆጠራው ሲደረግም ሌላ ግራ መጋባት ይጠብቀናል። ዛሬ በአንዳንድ ወረዳ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በልጦ ሲገኝ የሚስቅ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ውሸት ላይኖርበት ይችላል። አንድ ወረዳ 1,000 ሕፃናት አሉኝ ብሎ 1,120 ቢከትብ ሽፋኑ 112 በመቶ ይሆናል። ከትንበያው የመጣው አካፋይ አንሶ ነው። ቆጠራው 1,400 ሕፃናት እንዳሉ ቢያሳይ፣ ያው ወረዳ በአንድ ሌሊት ከ112 ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። የተከተበው ልጅ ብዛት አልተቀነሰም፤ ነርሶቹም አልሰነፉም። የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ የትምህርት ተሳትፎ፣ የውኃ ሽፋን፣ በሕዝብ ብዛት ተካፍሎ የሚወጣ ነገር ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዱ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች። በዚያ ሳምንት "ጤናው ወደቀ" ወይም "ድህነት ባሰ" የሚል አርዕስት ያየ አንባቢ መጀመሪያ የሚፈልገው የአሮጌውን ሽፋን በአዲሱ አካፋይ አስልቶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ያንን ከውጤቱ ጋር በአንድ ቀን ቢያወጣ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።